ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ

(በሰፈር ቤተ መጻሕፍት፣ ስለማይሳካ የዊንዶውስ አፕዴት የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። የሥራ ቀን ሆኖ ሳለ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የቤታችሁ ኮምፒውተር ዊንዶውስን አፕዴት ላድርግ ብሎ ሲያቅተው ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ አፕዴቱን ጨርሶ ያጠፋዋል። ወይ ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው።

ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። በፎርማት የልጆች ፎቶ ይሄዳል። የመመረቂያ ጽሑፍ ይሄዳል። የሱቁ የዱቤ ሒሳብ ያለበት ኤክሴል ይሄዳል። ችግሩ ግን ጥቂት ጊጋ ቦታ በመልቀቅ ብቻ የሚፈታ ሊሆን ይችላል። ፎርማት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ እንጂ መጀመሪያ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስለዚህ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት። አንብቡት።

ቁጥሩ የሚጀምረው በዜሮና በኤክስ ነው። ከዚያ ስምንት አሃዝ ይከተላል። አንዳንዴ በመሀል ፊደል ይገባበታል። ሲያዩት ዝብርቅርቅ ያለ ይመስላል፤ ግን ሥርዓት አለው። በ8007 የሚጀምሩትን ልውሰድ፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥሙት እነሱ ናቸው። 8 «አልተሳካም» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 007 ስህተቱ ከዊንዶውስ መደበኛ የስህተት ዝርዝር የመጣ መሆኑን ይናገራል። ዋናው ወሬ ያለው በመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ላይ ነው። 0070 ከሆነ ዲስኩ ሞልቷል። 0005 ከሆነ ፈቃድ ተከልክሏል። 0020 ከሆነ የሚፈለገውን ፋይል ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንቲቫይረሱ ነው። 0002 ከሆነ መኖር የነበረበት ፋይል አልተገኘም። 0422 ከሆነ የአፕዴት አገልግሎቱ ራሱ ተዘግቷል።

አያችሁ፣ አምስቱም የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ለአምስቱም አንድ ፎርማት ማዘዝ ተገቢ አይደለም።

ቁጥሩ ካመለጣችሁ አትጨነቁ። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ስትከፍቱ አፕዴት ሂስትሪ የሚል ታገኛላችሁ። ያልተሳካው አፕዴት እዚያ ተመዝግቧል። ከስሙ ጋር ኬቢ ብሎ የሚጀምር መለያ አለው። የስህተት ቁጥሩንም የኬቢ ቁጥሩንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ወደ ባለሙያ ብትሄዱ እንኳ ያ ፎቶ ብዙ ልፋት ያቀልለታል።

መንገዴን ሳልለቅ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ማይክሮሶፍት ዋናውን ወርኃዊ አፕዴት የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ልዩነቱ የሚመጣው አሜሪካ ውስጥ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር ነው። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ረቡዕ ጠዋት የሚላክ አስቸኳይ ሥራ ያለው ሰው ማክሰኞ ማታ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ባያደርግ ይሻላል።

አሁን ባክአፕ። ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት የማይተካውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ። «አፕዴት የሰው ፋይል ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው ትልቁ የዊንዶውስ 10 አፕዴት፣ 1809 የተባለው፣ የአንዳንድ ሰዎችን ዶኩመንትና ፎቶ ሰርዟል። የተጎዱት እነዚህን ፎልደሮች ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው፣ በድሮው ፎልደር ውስጥ ግን ፋይል የቀረባቸው ሰዎች ነበሩ። አፕዴቱ የድሮውን ፎልደር ትርፍ ነው ብሎ ከነፋይሉ አጠፋው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቆመ፤ አስተካክሎ መልሶ የለቀቀው በኖቬምበር 13 ነው። ያን ጊዜ ባክአፕ የነበረው ሰው ምንም አልሆነም።

ወደ 0070 እንመለስ፤ የዲስክ መሙላት። አፕዴት ሲገባ አዲሶቹ ፋይሎች ከድሮዎቹ ጎን ነው የሚቀመጡት። ድሮዎቹ ወዲያው አይጠፉም፤ ነገሩ ቢበላሽ መመለሻ ናቸው። ቤት ቀለም ሲቀባ ዕቃው ለጊዜው የሚወጣበት ግቢ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ አፕዴትም የሚንቀሳቀስበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የእኔ ምክር ለወርኃዊው አፕዴት ቢያንስ 10 ጊጋ፣ በዓመት አንዴ ለሚመጣው ትልቁ ደግሞ 20 ጊጋና ከዚያ በላይ ባዶ እንዲኖራችሁ ነው።

ቦታው የት ሄደ? መጀመሪያ ዳውንሎድስን ክፈቱ። ውስጡ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ፎልደር ካለ እዚያ ግቡ። በእኛ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ጉድ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ከግሩፕ የወረዱ ቪዲዮዎች፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ የወረደ አንድ ፒዲኤፍ፣ ሙሉ የሰርግ ቪዲዮ። የሚፈለገውን ወደ ኤክስተርናል አሳልፉ፤ የቀረውን አጥፉ። ቴሌግራም ራሱም በሴቲንጉ ውስጥ፣ አድቫንስድ በሚለው ሥር፣ ለጊዜው ያከማቸውን ማጽጃ አለው። እሱን ስታጸዱ ቻታችሁ አይጠፋም፤ ፎቶና ቪዲዮው ስትፈልጉት እንደገና ይወርዳል።

ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ። ቴምፖራሪ ፋይልስ የሚለውን ስትከፍቱ ዊንዶውስ ራሱ ሊጠፋ የሚችለውን ዘርዝሮ ያሳያችኋል። እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዝርዝሩ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚልም አለ። ውስጡን ሳታዩ ምልክት ካደረጋችሁበት ያወረዳችሁት ሁሉ ይሄዳል። ፕሪቪየስ ዊንዶውስ የሚለው ደግሞ ከትልቅ አፕዴት በኋላ ወደ ድሮው መመለሻችሁ ነው። በተለምዶ 10 ቀን ይቆያል። አዲሱ በደንብ መሥራቱን እስክታረጋግጡ ባትነኩት ጥሩ ነው።

ጠቅላላ ማከማቻቸው 32 ጊጋ የሆነ ርካሽ ላፕቶፖችም አሉ። እነሱ ላይ ምንም ብታጸዱ ቦታው ይጠባል። ዊንዶውስ 10 ለትልቁ አፕዴት ቦታ ሲያንሰው ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል እንደ ጊዜያዊ ቦታ መጠቀም ይችላል። ባዶ ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩ።

0422 የተለየ ነገር ነው። አገልግሎቱ በራሱ ብቻውን እንዲህ አይዘጋም፤ የሆነ ሰው ወይም የሆነ ፕሮግራም ዘግቶታል። ዳታ እንዳይበላ ተብሎ ሊሆን ይችላል። ፎርማት ያደረገው ልጅ «እንዳያስቸግርዎት» ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ይገባኛል። ፓኬጅ በብር ነው የሚገዛው። ከስልክ ሆትስፖት ለሚጠቀም ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊጋ መሄዱ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ዳታ ለመቆጠብ አፕዴትን መግደል አያስፈልግም። በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚባል ማብሪያ አለ። ስታበሩት ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት በዚያ መስመር ሳያወርድ ይጠብቃል። በተቃራኒው ደግሞ አፕዴታችሁ አልወርድ ብሎ ሳምንታት ካለፉት ይህ ማብሪያ በርቶ እንዳይሆን እዩ። ቤታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒውተር ካለ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውን ለቤት ውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፈቱት፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ይወስዳል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የሚባል ድረ ገጽ አለው። የኬቢ ቁጥሩን ስትጽፉ አፕዴቱን እንደ አንድ ፋይል ይሰጣችኋል። ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ፣ ቢሮም ሆነ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ ወደ ቤት መውሰድ ትችላላችሁ። ከማውረዳችሁ በፊት የዊንዶውሳችሁን ቨርዥንና ባለ 64 ቢት መሆኑን ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። ይህን መንገድ ብዙ ሰው ባያውቀውም ለእኛ ሁኔታ ከሁሉም የሚስማማው እሱ ይመስለኛል።

የተዘጋውን አገልግሎት ለመክፈት ስታርት ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ። በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ ወደ ታች ስትወርዱ ዊንዶውስ አፕዴት አለ። ዲሴብልድ የሚል ከሆነ ወደ ማንዋል ቀይራችሁ ሪስታርት አድርጉ። ከቀናት በኋላ ተመልሶ ከተዘጋ የሚዘጋው ፕሮግራም አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የሚያደርገው። «ላይት» እየተባሉ የሚዞሩ ተቆራርጠው የተሠሩ ዊንዶውሶች ደግሞ የአፕዴቱ ክፍል ጭራሽ ሊወጣላቸው ይችላል። የሌለ ነገር አይከፈትም። ፎርማት የግድ ነው ያልኩት እዚህ ጋ ነው፤ ባክአፕ ከተደረገ በኋላ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ።

ስለ ቀን ባጭሩ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ከአፕዴት ሰርቨር ጋር የሚደረገው የደህንነት ማረጋገጫ አይሠራም። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብታስገቡትም ውጤቱ ያው ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ ይሁን። ባትሪዋን መቀየር ቀላል ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚደነግጥበት ነገር ልምጣ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ፣ ፐርሰንት ቆጥሮ ቆጥሮ፣ «አፕዴቱን መጨረስ አልቻልንም፤ ለውጦቹን እየመለስን ነው፤ አታጥፉ» የሚል መልእክት ያወጣል። ሰው ይህን ሲያይ ተበላሸ ብሎ ማጥፊያውን ተጭኖ ይይዛል። አታድርጉት። ያ መልእክት ዊንዶውስ ራሱን ወደ ነበረበት እየመለሰ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ። ፋይሎቹ ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ እንዳይሆኑ እየሠራ ነው። በመሀል ካጠፋችሁት የምትፈሩት ነገር ያን ጊዜ ሊመጣ ይችላል። አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ይህ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ተዉት።

መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ጀምሩ፤ ባትሪው ያድናችኋል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ ቢኖር ግሩም ነው። ከሌለ በሰፈራችሁ መብራት ብዙም የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጡ። በመሀል ቢጠፋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ሲመጣ አብሩትና ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል ወይም ራሱን ይመልሳል።

ጨርሶ አልነሳ ካለ፣ በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው ዊንዶውስ ራሱ ወደ ጥገና ገጽ ይወስዳችኋል። እዚያ ትራብልሹት፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ አንኢንስቶል አፕዴትስ ትላላችሁ። ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። ኳሊቲ የሚለው ወርኃዊው ነው፤ ፊቸር የሚለው ትልቁ ነው። የቅርቡን አስወጡ። ፋይላችሁ አይነካም።

እዚህ ላይ ግን ሰማያዊ ገጽ ወጥቶ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይህ ቢትሎከር ነው፤ ዲስኩን የሚቆልፈው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ሳታውቁት ይበራል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የወጣው ወርኃዊ አፕዴት አንዳንድ ኮምፒውተሮችን ያለ ምንም ጥፋት እዚህ ገጽ ላይ ጥሏቸው ነበር። ቁልፉ ያለው ሰው አስገብቶ አለፈ። ቁልፉ የሌለው ሰው ግን ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ማንም ባለሙያ ሊያወጣለት አይችልም። እባካችሁ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ በስልካችሁ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ቁልፉን ፈልጉት። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከልደት ሰርተፍኬቱና ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጡት። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ቦታም አለ፣ አገልግሎቱም ክፍት ነው፣ ኢንተርኔቱም ደህና ነው፤ ግን አሁንም እምቢ ካለ የዊንዶውሱ የራሱ ፋይሎች ተጎድተው ሊሆን ይችላል። 80073712 ካያችሁ ይህን ጠርጥሩ። በኮማንድ መስኮት የሚጻፉ ሁለት ትእዛዞች አሉ፤ አንዱ ዲስም፣ ሌላው ኤስኤፍሲ ይባላል። ቅደም ተከተላቸውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ዲስም ነው፤ የመለዋወጫውን ማከማቻ እሱ ነው የሚጠግነው። ኤስኤፍሲ የተበላሸ ፋይል የሚተካው ከዚያ ማከማቻ ወስዶ ነው። ማከማቻው ራሱ ከተበላሸ ኤስኤፍሲን ማስቀደም ድካም ብቻ ነው።

ትእዛዝ መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ዊንዶውስ 11 ጥሩ ነገር አምጥቷል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ በዊንዶውስ አፕዴት ችግር መፍቻ የሚል ምርጫ አለ፤ ሪኢንስቶል ናው የሚል ቁልፍ ያለበት። የያዛችሁትን ቨርዥን እንደገና አውርዶ በላዩ ላይ ይጭናል። ፋይላችሁም ፕሮግራሞቻችሁም ሴቲንጋችሁም ይቀራሉ። ዳታ ይበላል፤ ጊዜም ይወስዳል። ግን በፎርማት ፋንታ የምመርጠው ይህን ነው። ዊንዶውስ 10 ላይም ከማይክሮሶፍት በወረደ መጫኛ «ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ» የሚለውን መርጦ በላዩ ላይ መጫን ይቻላል።

ቁጥሩን አንብቡ ስል ግን ቁጥሩ ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ለዊንዶውስ 10 አንድ አፕዴት ወጣ፤ ኬቢ 5034441 ይባላል። ብዙ ሰው ጋ እምቢ አለ። የሚወጣው ቁጥር 80070643 ነበር። 0643 መጫኑ አለመሳካቱን እንጂ ለምን እንዳልተሳካ አይናገርም። ሰው ደጋግሞ ሞከረ። ሲ ድራይቩ ላይ መቶ ጊጋ ባዶ ያለውም ሰው አልሆነለትም።

እውነተኛው ምክንያት የቦታ ማነስ ነበር፤ ሲ ድራይቭ ላይ ግን አይደለም። ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚነሳበት ያ የጥገና ገጽ በዲስኩ ላይ የራሱ ትንሽ ክፍል አለው፤ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ይባላል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ አይታይም። አፕዴቱ እዚያ ውስጥ 250 ሜጋ ባዶ ቦታ ይፈልግ ነበር፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያን ያህል አልነበረም። ቦታ አነሰ የሚል መልእክት መውጣት ሲገባው፣ በስህተት አያያዙ ላይ በነበረ ጉድለት ሌላ ቁጥር ወጣ። ማይክሮሶፍት ይህን በአፕዴቱ ገጽ ላይ ጽፎታል። ክፍሉን የማስፋት መመሪያም አውጥቷል። ፓርቲሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው ግን ብቻውን እንዲሞክረው አልመክርም።

ለዚህ ነው የኬቢ ቁጥሩንም ፎቶ አንሱ ያልኳችሁ። እያንዳንዱ ወርኃዊ አፕዴት በማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ላይ የራሱ ገጽ አለው። እዚያ ላይ የታወቁ ችግሮች የሚል ክፍል አለ። ጥፋቱ የእናንተ ኮምፒውተር ይሁን የአፕዴቱ፣ ከዚያ ታውቃላችሁ። የአፕዴቱ ከሆነ ፖዝ ብላችሁ ማስተካከያው እስኪመጣ መጠበቅ በቂ ነው።

መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ከማይ ብተወውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ልድገመው። እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ማይክሮሶፍት አንድ አደገኛ ቀዳዳ የሚዘጋ አፕዴት ለቀቀ። ሜይ 12 ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን መታ። የሰዎችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰረዘ። መድኃኒቱ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። አፕዴቱን የጫነ ኮምፒውተር በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም።

አንድ ወጣት ደግሞ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 እንደማይቀበል፣ ዊንዶውስ 10 ላይም አፕዴት መምጣት እንዳቆመ ነገረኝ። ይህ ብልሽት አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለቤት ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት ተዘጋጅቷል። ኮምፒውተሩ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው ቨርዥን ላይ መሆን አለበት። ያ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ መመዝገቢያው መታየት አለበት። ካልታየ መጀመሪያ ቨርዥኑን አይቶ የቀሩትን አፕዴቶች ይጫን። ወጣቱ ላፕቶፑን ይዞት መጥቶ ስለነበር አብረን ከፍተን አየነው። 21ኤች2 ላይ ነበር፤ ዲስኩ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ 3 ጊጋ ነው። ዳውንሎድሱን ከፍተን ማጽዳት ጀመርን።